ከሕይወት ታሪካቸው የቀረው

ለቅሶ የማይገባበት ቤት የለምና ይህን ሳታዩ አትቀሩም። ሬሳ በቤት ሳለ፣ ሴቱ ሲያለቅስ ወንዱ ድንኳን ሲተክል፣ አንድ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ይመጣና «የሕይወት ታሪኩን ማን ይጻፍ?» ብሎ ይጠይቃል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በገርጂ ሠፈር፣ እድሩ በተከለው ድንኳን ውስጥ ያ ወረቀት የተሰጠው ለእኔ ነበር። ያረፉት የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው።

«አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፤ ጻፊው» አሉኝ ሽማግሌዎቹ። እኔም በተለመደው መንገድ ጻፍኩት። በ1939 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ መወለዳቸውን፣ በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መምጣታቸውን፣ በንግድ ሥራ መሠማራታቸውን፣ በ1971 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው አራት ልጆችና ሰባት የልጅ ልጆች ማፍራታቸውን፣ ባደረባቸው ሕመም ምክንያት በተወለዱ በ77 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም መለየታቸውን ዘረዘርኩ። «ደግ፣ ሰው አክባሪና ታታሪ ነበሩ» የምትለዋንም ዐረፍተ ነገር አልዘነጋሁም። በማግሥቱ በቤተ ክርስቲያኑ ዐውደ ምሕረት ላይ ተነበበ። የፈጀው አራት ደቂቃ ያህል ነበር።

ከቀብር ስንመለስ፣ በሟቹ መደብር ደጃፍ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ የቸረቸሩ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አደረጉኝና «ልጄ፣ ያነበባችሁት ሁሉ ልክ ነው፤ እሳቸው ግን የሉበትም» አሉኝ።

ይህ ቃል ዓመቱን ሙሉ አልለቀቀኝም። እውነትም የጻፍኩት የማንኛውም ነጋዴ ታሪክ ሊሆን ይችል ነበር። የእኚህ ሰው ሣቅ፣ ጨዋታ፣ ስሕተታቸውም ጭምር በዚያ ወረቀት ላይ አልነበረም። እንግዲህ በሙት ዓመታቸው፣ ከባለቤታቸው፣ ከልጆቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው ጠይቄ ያኔ ያስቀረሁትን ዛሬ ላጫውታችሁ። ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም። እኛ ቤት «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ባለቤታቸውን ደግሞ «እትዬ»። እናንተም በዚሁ ጥሩአቸው።

አልጋ ያልነበረው ባለ ሸክላ

ጋሼ አዲስ አበባ የገቡት በ1955 ዓ.ም.፣ በ16 ዓመታቸው ነው። መርካቶ፣ የከተማው ሰው «ዐረብ ቤት» ይለው በነበረ በአንድ የየመን ተወላጅ ሱቅ ተቀጥረው ቀን ስኳርና ጨው ሲመዝኑ ይውላሉ፤ ማታ ይማራሉ። በመጀመሪያዋ የዕረፍት ቀናቸው ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? ከመርካቶ ተነሥተው በእግራቸው ቦሌ ድረስ ሄዱ። የሄዱት አውሮፕላን ሲያርፍ ለማየት ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረ ብዙ ጊዜ አልሆነውም ነበር፤ የጄት አውሮፕላን ረዥም ሜዳ ስለሚፈልግ የልደታው አልበቃም። ያኔ ቦሌ እርሻና ሜዳ ነበር። ጋሼ ከመስኩ ዳር ተቀምጠው አንድ አውሮፕላን ሲያርፍ አይተው፣ ጫማቸው ቆስሏቸው፣ በጨለማ ተመለሱ። «ትኬት ሳልቆርጥ ውጭ አገር ደርሼ መጣሁ» ይሉ ነበር ሲያወሩት።

ከደመወዛቸው ቆጥበው መጀመሪያ የገዙት ዕቃም አልጋ አልነበረም። የሸክላ ማጫወቻ ነበር። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ ስትጎበኛቸው ወንድሟ መሬት ላይ በሰሌን ተኝተው፣ ማጫወቻው ግን በጠረጴዛ ላይ በዳንቴል ተሸፍኖ አገኘችው። ብትቆጣቸው «አልጋ ያስተኛል፤ ሸክላ ግን ከተኙበት ያስነሣል» አሏት።

ይህን ሳነሣ ጋሼ ለልጆቻቸው ደጋግመው የሚተርኩትን የአንድ ሰው ታሪክ ማለፍ አልችልም። ሰውዬው አምሐ እሸቴ ይባላል። ጋሼ በአካል አያውቁትም፤ የሚያውቁት በሸክላው ላይ በታተመው ስሙ ነው። እንደሚታወቀው ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሐ እሸቴ የሙዚቃ ሱቅ የነበረው ወጣት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ሳለ፣ መታሰርም ቢመጣ ብሎ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን እዚሁ አስቀርጾ ሸክላውን ሕንድ አገር ልኮ አሳተመ። ሸክላው ተሸጠ፤ እሱም አልታሰረም። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ በራሱ ስም ባቋቋመው ድርጅት ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። የማሕሙድ አሕመድና የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ።

ጋሼ ይህን የሚተርኩት ለሙዚቃው ብቻ ብለው አልነበረም። «ነጋዴ ማለት ስኳር የሚመዝን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ይህ ልጅ ደስታ ሸጦ በልቷል፤ የገዛውም አልከሰረ» ይላሉ። የታሪኩን መጨረሻ ግን እኔ ልጨምርበት። አምሐ እሸቴ ከአብዮቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ አገሩን ለቆ ወደ አሜሪካ ሄደ። የቀረጻቸው ዋና ቅጂዎች ግን ተጠብቀው ቆይተው ነበርና፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲያሳትማቸው ዓለም በሙሉ ሰማቸው። እሱ ወደ አገሩ ተመልሶ ሚያዝያ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ዐረፈ። ደስታውም ቢሆን የቆየው የሚያስቀምጠው ሰው ስለነበረ ነው። ይህን ነጥብ ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በሰዓት እላፊ የተደረገ ሠርግ

አብዮቱ ሲመጣ የብዙ ነጋዴ ሕይወት ተለወጠ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የግል ንግድ ገደብ ተደረገለት፤ አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ሥራ መያዝ አይችልም፤ የችርቻሮ ነጋዴ ካፒታልም ከ200 ሺህ ብር መብለጥ የለበትም ተባለ። ጋሼ ግን «ሁለት መቶ ሺህ? እኔ ሁለት መቶውንም አላየሁ!» ብለው ሣቁ። በ1970 ዓ.ም. ከሾላ ገበያ እልፍ ብላ በምትገኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሚስማር፣ ሽቦ፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍና ቀለም መሸጥ ጀመሩ።

ጊዜው የጭንቅ ጊዜ ነበር፤ ይህን ልሸፋፍነው አልችልም። ሰው በየቤቱ ያለቅስ ነበር፤ ጋሼም የቅርብ ጓደኛ ቀብረዋል። ሠርጋቸው የተደረገው በዚህ ሁሉ መካከል፣ በ1971 ዓ.ም. ነው። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማታ ድግስ የገባ እንግዳ ሳይነጋ አይወጣም። ሌላው ሙሽራ በዚህ ሲያማርር ጋሼ ግን ደስ አላቸው። «ሰዓት እላፊ ባይኖር ኖሮ እንግዶቼ በልተው ጥለውኝ ይሄዱ ነበር፤ አሁን እስኪነጋ የእኔ ናቸው» አሉ። ሌሊቱን ሙሉ አጨፈሩ። እትዬ እንደሚሉት፣ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱ ሙሽሮች ከደከሙት እንግዶች መካከል ቆመው ብቻቸውን ይጨፍሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤት የሚሠሩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በከተማዋ ምሥራቅ ተስፋፉ። ሕጉ ለአንድ መኖሪያ ቤት የሚፈቅደው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር አይበልጥም ነበር። ገርጂ፣ ኮተቤ፣ ከዚያም በስተኋላ ሲኤምሲና አያት፣ አንዱ ጎጆ ሲጨርስ ሌላው ይጀምር ጀመር። ሲኤምሲ ራሱ ስሙን ያገኘው በዚያ ሠፍሮ ከነበረ ከጣልያን የሥራ ተቋራጭ ነው። ለቤት ሠሪ ሁሉ ሚስማር ያስፈልገዋል፤ ገንዘብ ግን በአንድ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ጋሼ በዱቤ ይሰጡ ነበር። የምሥራቅ አዲስ አበባ ብዙ ጣራ በእሳቸው የዱቤ ደብተር ላይ ተጽፎ የተመታ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እሳቸውም በ1978 ዓ.ም. ገርጂ ላይ ቤታቸውን ሠሩ። ማታ ማታ ጅብ ከአጥሩ ሥር ሲጮህ ጋሼ ከውስጥ ሆነው «ዛሬ ዝግ ነው፤ ነገ ና» እያሉ ልጆቻቸውን ያስቁ ነበር።

የሚስማር ሚዛን

እናቶች ሆይ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። በጋሼ ሱቅ ውስጥ ሚስማርና ሽቦ የሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን ነበር። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ሱቁ ለገበያ ይዘጋል፤ ለሠፈሩ ልጆች ግን ይከፈታል። ልጆች አበባይሆሽ ብለው ሲመጡ፣ ጋሼ ሙልሙል ዳቦውን ከመስጠታቸው በፊት አንድ በአንድ በሚዛኑ ላይ ያቆማሉ። ከዚያም እንደ ዕቃ አሻሻጥ፣ «ይህ ባለ ስድስት ነው ወይስ ባለ ስምንት ሚስማር?» እያሉ ጮክ ብለው ኪሎውን ይናገራሉ፤ ልጁ በሣቅ ይሞታል፤ ኪሎው በደብተር ይጻፋል። ካለፈው ዓመት የቀነሰ ልጅ የተገኘ እንደሆነ ግን ጋሼ አይሥቁም። በማግሥቱ እትዬ ወደዚያ ልጅ ቤት እንቁላልም ሆነ ወተት ይዘው «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት ይሄዳሉ። ለምን እንደ ሄዱ አይናገሩም። የልጁ እናት እንዳታፍር ነው።

እኔም በዚያ ሚዛን ላይ ቆሜያለሁ። ደብተሩን ሰሞኑን ገልጬ አይቼዋለሁ። «1985፣ የእኅቴ ልጅ፣ 15 ኪሎ፣ ምላሷ ብቻ 5» ይላል። ጋዜጠኛ እንደምሆን ያኔም ያወቁ ይመስለኛል።

ሦስት ወር ያልተሣቀበት ቤት

እስካሁን የነገርኳችሁ ሰው እንከን የሌለው እንዳይመስላችሁ። የጋሼ ትልቁ ጉድለት እምቢ ማለት አለማወቃቸው ነበር። በ1985 ዓ.ም. አንድ ወዳጃቸው 40 ሺህ ብር ሲበደር ዋስ ሆነው ፈረሙ። ለእትዬ አልነገሯቸውም። ወዳጅየው ጠፋ። እትዬ ነገሩን ያወቁት አንድ ቀን ጠዋት፣ ልጆች ለትምህርት ቤት ሲያሰናዱ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ የያዘ ሰው በር ሲያንኳኳ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ዕቃ የሚያመላልሱባት መኪና ተሸጠች፤ የእትዬ የአንገት ወርቅም ተከተለ። ጋሼ ሦስት ወር ሙሉ አልሣቁም። ሸክላው በዳንቴሉ ተሸፍኖ ቀረ። ልጆቹ አባታቸው የታመሙ መስሏቸው ነበር።

አንድ ማታ እትዬ ዳንቴሉን ገልጠው ሸክላውን አስነሡና «የሸጥነው መኪናና ወርቅ ነው። ሣቅህን አልሸጥነውም። ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔ የማላውቀው ፊርማ በዚህ ቤት አይኖርም» አሏቸው። ጋሼ መልስ አልሰጡም። ተነሥተው ወደ ሱቅ ሄዱ፤ የዱቤውን ደብተር ይዘው ተመለሱና በእትዬ ጉልበት ላይ አስቀመጡት።

ይህን ታሪክ በዚህ ዓምድ ላይ ልጽፈው እችል እንደሆነ እትዬን ስጠይቃቸው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ «ጻፊው። እሱም ቢሆን ያወራው ነበር። ሰው ሲስቅበት ነው ቁስሉ የሻረለት» አሉኝ።

የቅዳሜ ማታ ጨዋታ

ከዚያን ዕለት ጀምሮ በዚያ ቤት ቅዳሜ ማታ የሒሳብ ማታ ሆነ። ቡና ይፈላል፤ ደብተሩ ይገለጣል። ነገር ግን ጋሼ ናቸውና ሒሳቡንም ጨዋታ አደረጉት። አንደኛው ልጅ «ገቢ» ይባላል፤ ሁለተኛው «ወጪ»፤ ሦስተኛው «ዱቤ»፤ ትንሿ ደግሞ «ትርፍ»። ጋሼ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፃቸውን አጎርንነው ሲያነቡ እያንዳንዱ ልጅ ሲጠራ የራሱን ቁጥር ይጽፋል። እትዬ በእርሳስ ይደምራሉ። ትንሿ ልጅ ብዙ ሳምንት ቁጥር ሳታገኝ ስትቀር ታለቅስ ነበር አሉ፤ ትርፍ የለማ! ማን ዱቤ ይሰጠው፣ ለማን ይራዘምለት፣ ለማን ምሕረት ይደረግለት የሚለው የሚወሰነው በሁለቱ ሲሆን፣ የተወሰነውም በደብተሩ ላይ በሁለቱ ፊርማ ይጻፋል። ሒሳቡ ሲዘጋ ሸክላ ይከፈታል፤ ጭፈራ ይጀመራል።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ጋሼ ዜናውን ከጋዜጣ ላይ አንብበው «የኔ እመቤት፣ መንግሥት ያንቺን ሕግ አወጀው!» ብለው ወደ ማድ ቤት ሮጡ። እውነታቸውን ነው። በአዲሱ ሕግ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል ሆኑ። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ ነው፤ የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ ወይም መያዣ ለማድረግ፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም በዚህ መጠን ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። እትዬ ሕጉን በቤታቸው ያወጁት ሰባት ዓመት ቀድመው ነው።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። በ1990ዎቹ የቀለበት መንገድ ሲሠራ ሠፈሩ ተለወጠ፤ ሱቃቸውም ወደ መገናኛ አቅጣጫ ተዛውሮ ሰፋ። የበኩር ልጃቸው በ1993 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ስትሄድ ጋሼ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኚውን ሁሉ በቀልድ ሲያስቁ ቆዩ። ልጅቱ በሩን አልፋ ከዓይን ስትሰወር ግን ወደ መኪናው ገብተው አንድ ሰዓት ያህል ሳይናገሩ ተቀመጡ። በልጅነታቸው በእግራቸው ሄደው ያዩት አውሮፕላን ልጃቸውን ይዞባቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው በቦሌ ቡልቡላ በኩል አውሮፕላን ሲያርፍ ያሳዩ ነበር። «ከእነዚህ አንዱ አክስታችሁን ያመጣል፤ የትኛው እንደሆነ ገምቱ» ይሏቸዋል። በ2008 ዓ.ም. ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው የከተማ ባቡር ሥራ ሲጀምር ደግሞ ከመገናኛ አያት፣ ከአያት መገናኛ፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሲመላለሱ ዋሉ። ዕድሜያቸው ያኔ 69 ነበር።

ከሰልስት በኋላ

ጋሼ ሲያርፉ ዘመድ ሁሉ የፈራው አንድ ነገር ነበር። እንዲህ ያለ እጁ የተፈታ፣ ጨዋታ ወዳድ ነጋዴ ሲሞት ቤቱ ምን ይገጥመዋል? ሁላችንም አይተነዋል። ባል ሁሉን ነገር በጭንቅላቱ ይዞ ይሞታል፤ ሚስት የባንኩን ደብተር አታውቀው፣ የውሉን ወረቀት አታውቀው። አበዳሪ ነኝ የሚል ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ተበዳሪ ግን በለቅሶው ቤት ደጅ አያልፍም። ከዓመት ዓመት በየቢሮው ስትንከራተት ልጆች ይጣላሉ፤ ሐዘኑም ወደ ቂም ይለወጣል።

ከሰልስት በኋላ እትዬ ልጆቻቸውን፣ ከአሜሪካ የመጣችውን ጭምር፣ ሰበሰቡ። ደብተሩን ገለጡ። ከፊት ለፊቱ፣ ያለን ይህ ነው፣ የምንከፍለው ይህ ነው፣ የሚመለስልን ይህ ነው የሚል ሁሉ ከነቀኑ ተጽፎ ተገኘ። የቤቱ ካርታ፣ የንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ደረሰኙ፣ የእድሩ መዋጮ ደብተር በአንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ጋሼ ከአራት ምስክሮች ፊት ያደረጉት ኑዛዜም አብሮ አለ። በሕጋችን መሠረት ሚስት ከጋራው ሀብት ግማሹ የራሷ ነው፤ የባሏን ድርሻ ግን በውርስ የምታገኘው በኑዛዜ ካልሆነ በስተቀር ልጆች እያሉ እሷ አትወርስም። ልጆች ደግሞ ወንድ ሴት ሳይባል እኩል ይወርሳሉ። ጋሼ ይህን ያውቁ ስለነበር ሱቁን እትዬ እንዲያስተዳድሩት ልጆቻቸው እያሉ ተስማምተው ጽፈውታል። ስብሰባው ከቡናው ሦስተኛ ስኒ በፊት አለቀ። የቀረውን ሰዓት ሁሉ ስለ ጋሼ አወሩ፤ አለቀሱ፤ ከለቅሶውም መካከል ሣቁ። ለሐዘን ጊዜ የነበራቸው ሒሳቡ የተሠራ ስለነበረ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ አናጢ መጣ። ገንዘብ በመሐረብ ቋጥሮ ይዟል። «የሚስማርና የቆርቆሮ ዕዳ ነበረብኝ። ሰው ሞተ ብዬ አልክድም» አለ። እትዬ ደብተሩን ገልጠው አሳዩት። በስሙ ላይ መስመር ተሠምሮ፣ «ልጁ ታሟል። ተትቶለታል» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ሁለት ፊርማ አለ። ቀኑ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። አናጢው ለረዥም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ «ስድስት ዓመት ሙሉ በሱቁ ደጅ ሳልፍ ተሸማቅቄ መንገድ እቀይር ነበር። እሳቸው እኮ ይጠሩኝ ነበር፤ ገንዘቡን ሊጠይቁኝ መስሎኝ ነው የሸሸሁት» አለ። ጋሼ ይጠሩት የነበረው ዕዳው መሠረዙን ሊነግሩት ኖሯል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ስለ ሸክላው ነጋዴ ልብ በሉልኝ ያልኳችሁም ለዚህ ነው። ዘፈኑ ለልጅ ልጅ የደረሰው ዋናው ቅጂ ስላልጠፋ ነው። የጋሼም ደግነት ለአናጢው የደረሰው፣ ቢዘገይም፣ ተጽፎ ስለቆየ ነው።

አንዳንዶቻችን ጨዋታ ወዳድ አባት ሲባል ኃላፊነት የማያውቅ፣ ጥንቁቅ አባት ሲባል ደግሞ ፊቱ የማይፈታ ይመስለናል። ጋሼ ሁለቱም በአንድ ማታ፣ በአንድ ደብተር ላይ ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳይተውን አለፉ። ይህን ብቻቸውን እንዳላደረጉት ግን አንርሳ። ዳንቴሉን የገለጡት እትዬ ናቸው።

ስለዚህ፣ የምታነቡኝ እኅቶች፣ ሥራ ውላችሁ ደክማችሁ የምትገቡ እናቶች፣ የመጪው ቅዳሜ ማታ ቡና ሲፈላ ባለቤታችሁን ጠይቁ። ያለንን የት እናገኘዋለን? ያለብን ዕዳ ስንት ነው? ለማን ፈርመሃል? እናንተም በበኩላችሁ የያዛችሁትን እቁብና የተበደራችሁትን ንገሩት። ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ይቀመጡ። ጥያቄው ጠብ እንዳይመስል እየሣቃችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ግን ጻፉት። በዚያው ደብተር ጀርባ ደግሞ ሌላውን ጻፉ። ልጁ ስንት ኪሎ ሆነ፣ አባቱ ምን ብሎ አሳቀው፣ ምን ዘፈን ላይ ተጨፈረ። እኔ ይህን ደብተር በጊዜው ገልጬው ቢሆን ኖሮ የዚያን ቀን የጻፍኩት የሕይወት ታሪክ ባዶ ባልሆነ ነበር።

መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጋሼ የሌሉበት የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ ነበር። ሱቁ ይከፈታል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ልጆች ግን መጡ። እትዬ በጥቁር ልብሳቸው በሩን ከፈቱና ሚዛኑን ራሳቸው አወጡት። የእኔም ሁለት ልጆች ቆሙበት። እትዬ እንደ ጋሼ ጮክ ብለው መናገር አልሆነላቸውም፤ ድምፃቸው ተቆረጠ። ያን ጊዜ ትንሹ ልጄ ከሚዛኑ ላይ ሆኖ «እትዬ፣ ባለ ስንት ሚስማር ነኝ?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው «ባለ ስድስት» አሉት። ጻፉትም።

በሙት ዓመቱ ዕለት ሽንኩርት የሚሸጡትን እናት አገኘኋቸው። አዲስ የሕይወት ታሪክ መጻፌን ነገርኳቸው። ማንበብ ስለማይችሉ አንብቢልኝ አላሉም። «የሚዛኑን ነገር ጻፍሽው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

«ጽፌዋለሁ» አልኳቸው።

«የመኪናውንስ?»

«እሱንም።»

«እንግዲያው አሁን እሳቸው ናቸው» አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።